ከደሴ የሄደች አንዲት የባግ ሪፖርት፣ ከተዘጋችበት እስከተከፈለባት

አንድ የደሴ ልጅ የውጭ ድርጅት ሶፍትዌር ላይ የደህንነት ቀዳዳ አግኝቶ ሪፖርት ልኮ ተከፍሎታል፣ ይሄን የምጽፈው ልጁን አስፈቅጄ ነው። ስሙንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፣ የፕሮግራሙ ደንብ ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ ዝርዝር ማውጣት ስለማይፈቅድ ድርጅቱን ጠይቀነው ነበር፣ ነገሩን በጥቅሉ ማውራት ትችላላችሁ ስማችንን ግን ተዉት አሉ፣ እኛም ተውነው። የቀረው እንዳለ ነው የሚቀርበው፣ ምክንያቱም ስለ ባግ ባውንቲ በኛ ሰፈር የሚወራው ወይ «ቤትህ ቁጭ ብለህ ዶላር እፈስ» ነው ወይ ደግሞ «ሀከር ሁላ ሌባ ነው» ነው፣ መሀል ላይ ያለው ስራ ምን እንደሚመስል ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ለማያውቅ ባጭሩ፣ ባግ ባውንቲ ማለት አንድ ሶፍትዌር ድርጅት ሲስተሜ ላይ የደህንነት ቀዳዳ ፈልጉ፣ በዚህ በዚህ ደንብ፣ ላገኘ እከፍላለሁ ብሎ በአደባባይ ሲጠራ ነው፣ ጥሪውን ነው ፕሮግራም የምንለው። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ኔትስኬፕ በፈረንጅ 1995 ለብራውዘሩ ጀምሮታል፣ ሞዚላ በ2004፣ ጉግል በ2010፣ ፌስቡክ በ2011 ተከተሉ፣ አሁን ደግሞ ሀከርዋንና ባግክራውድን የመሰሉ መሀል ሆነው የሚያገናኙ መድረኮች አሉ። በ2019 ሳንቲያጎ ሎፔዝ የሚባል የ19 ዓመት አርጀንቲናዊ ሀከርዋን ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር በመሙላት የመጀመሪያው ሆነ፣ ያቺ ዜና ናት እንግዲህ እስካሁን በቲክቶክ እየተቆራረጠች የሰፈራችንን ልጆች እንቅልፍ የምትነሳው።

ልጁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተምሮ የወጣ፣ ደሴ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ቀን ቀን ፒያሳ አካባቢ ሞባይልና ኮምፒውተር ጥገና ቤት የሚሰራ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ሆኜ ሶፍትዌር እሰራለሁ፣ የምንተዋወቀው ከትምህርት ቤት ጊዜው ጀምሮ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሀረጎን ወጥቼ እዛው ሱቁ ጋር ሻይ እንጠጣለን። በኛ አቆጣጠር ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ብዙ ጓደኞቹ ወይ አዲስ አበባ ሄዱ ወይ ነገሩን ትተው ሌላ ስራ ያዙ፣ እሱ ግን ባገኘው ዋይፋይ ሁሉ እየዞረ ከፖርትስዊገር የዌብ ሴኩሪቲ አካዳሚ (ነፃ ነው፣ ክፍያ የለውም) ትምህርቱን ገጽ በገጽ እያወረደ ያነብ ነበር። መስመር ከተመለሰ በኋላም የሌሊት ፓኬጅ እየገዛ ነው የሚሰራው፣ ርካሽ ስለሆነ። መሳሪያው ቡርፕ ስዊት (ብራውዘርና ሰርቨር የሚላላኩትን የሚያሳይ ፕሮግራም)፣ የነፃው ኮሚዩኒቲ የሚባለው፣ እና ፋየርፎክስ፣ በቃ። ብዙ ሰው ውድ ስካነር (ቀዳዳ በራሱ የሚፈልግ ፕሮግራም) ከሌለኝ አይሆንም ይላል፣ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ስካነር ቢኖረው ኖሮ ምንም አያገኝም ነበር ባይ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይታያል።

ፕሮግራም ሲመርጥ ያደረገው ነገር ደስ ብሎኛል። ትልልቆቹን፣ ስም ያላቸውን አልነካም፣ እዛ ዓለም ሁሉ ነው የሚርመሰመሰው። የመረጠው ለትናንሽ ነጋዴዎች የደረሰኝና የሂሳብ መጠየቂያ ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅትን ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ሱቅ ስለሚሰራ ነው። ነጋዴ ምን ማሳየት እንደማይፈልግ ያውቃል፣ ለማን ስንት እንደሸጠ፣ ለማን ቅናሽ እንዳደረገ፣ ማን እንዳልከፈለው። ዌብሳይት ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ከመጫን ይልቅ «እዚህ ቤት ሚስጥሩ ምንድነው» ብሎ ነው የጀመረው።

ከዛ ደንቡን አነበበ፣ እሱ ማንበብ ሲላችሁ ደግሞ በወረቀት አትሞ አስምሮ ነው። ስኮፕ ውስጥ ያለው፣ ማለትም መሞከር የተፈቀደው፣ ዋናው አፕሊኬሽንና ኤፒአዩ (ፕሮግራሞች ሰርቨሩን የሚያናግሩበት በር) ነው፣ ብሎጉና የደንበኛ እርዳታ ገጹ የሌላ ድርጅት ሲስተም ስለሆነ ክልክል። ሰርቨር ማጨናነቅ ክልክል፣ ሰራተኛ ማታለል ክልክል፣ አውቶማቲክ ስካነር ክልክል። ሙከራ በራስህ አካውንት ብቻ፣ የሌላ ሰው መረጃ በድንገት ካየህ እዛው ቁም፣ አታስቀምጥ፣ ንገረን። ለሰርቨሩ በምትልከው ጥያቄ (ሪኩዌስት) ሁሉ ላይ የመድረክ ስምህን ሄደር (አብሮ የሚሄድ መለያ መስመር) አድርገህ ጨምር። ይሄን ከጠበቅክ ደግሞ በህግ አንጠይቅህም የሚል ቃል አለበት፣ ሴፍ ሃርበር የሚሉት። ይቺ የመጨረሻዋ አንቀጽ ናት ስራውን ስራ የምታደርገው፣ እሷ ከሌለች ቀዳዳ ፈላጊውና ሰርጎ ገቡ በህግ ፊት አንድ ናቸው።

ሁለት አካውንት ከፈተ። አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ሌላ ነጋዴ፣ ሎጊናቸው እንዳይደባለቅ ፋየርፎክስ ላይ በተለያየ ኮንቴይነር። በመጀመሪያው ሆኖ የውሸት ደንበኛ ፈጥሮ ደረሰኝ ቆረጠ፣ በሁለተኛው ሆኖ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ለማየት ሞከረ። ገጹ ሲጠየቅ ከለከለ። ማስተካከል ሲጠየቅ ከለከለ። መሰረዝ ከለከለ። እዚህ ላይ ብዙው ሰው ይሄኛው ተዘግቷል ብሎ ይሄዳል፣ እሱ ግን ደረሰኙን በፒዲኤፍ አውርድ የምትለዋን ቁልፍ ለብቻዋ ሞከራት፣ እና ወረደ። የመጀመሪያው ነጋዴ ደረሰኝ፣ ስም ስልክ አድራሻ የገንዘብ መጠን፣ በሁለተኛው ሎጊን ወረደ።

ይሄ አይዶር የሚባለው ነው። ሰርቨሩ «ሎጊን አድርገሃል ወይ» ብሎ ይጠይቃል፣ «ይሄ ደረሰኝ ያንተ ነው ወይ» ብሎ ግን አይጠይቅም። በዌብ ደህንነት ላይ የሚሰራው ኦዋስፕ በፈረንጅ 2021 ባወጣው የአስሩ ዋና ዋና ችግሮች ዝርዝር ላይ የፈቃድ ቁጥጥር መበላሸት አንደኛ ነው፣ አይዶርም እዛ ስር ነው የሚገባው። ስካነር ለምን አያገኘውም ካላችሁ፣ ለስካነሩ ሁሉም ነገር ጤነኛ ነው፣ ጠየቀ፣ ሰርቨሩ 200፣ ማለትም ተሳክቷል፣ ብሎ መለሰ፣ ፋይል መጣ። ፋይሉ የማን መሆን እንደነበረበት የሚያውቀው ሁለቱን አካውንት የከፈተው ሰው ብቻ ነው።

ሌሊቱን ሪፖርት ጻፈ፣ ላከ፣ ክብደቱን ሃይ (ከፍተኛ) ብሎ ሞላ። መልስ የሚመጣው ማታ ማታ ነው፣ እነሱ አሜሪካ ዌስት ኮስት ስለሆኑ እዛ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ሲገቡ እኛ ጋር እንደ ወቅቱ ማታ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። መልሱ መጣ። «ኢንፎርማቲቭ»፣ ለመረጃ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው፣ ተዘግቷል።

ምክንያቱ አጭር ነበር፣ እና እውነት ለመናገር ትክክል ነበር። የደረሰኞቹ መለያ ተራ ቁጥር አይደለም፣ ዩዩአይዲ ነው፣ ቨርዥን 4፣ ማለትም 122 ቢቱ በዕጣ የሚወጣ ረዥም ኮድ። አንድ ጨምረህ የሚቀጥለውን አታገኘውም፣ ዕድሜ ልክህን ብትገምትም አትደርስበትም። ትሪያጅ (የሚመጡ ሪፖርቶችን የማጣራት ስራ) የሚሰራው ሰው ያለው «የሌላውን ሰው ኮድ ከየት ታመጣለህ? አንተ ያመጣኸው ከራስህ አካውንት ገልብጠህ ነው» ነው። ጥያቄው ይሄ ነው። ቀዳዳው አለ፣ ግን ማንም ሊደርስበት ካልቻለ ጉዳቱ ምንድነው?

ልጁ ግን እንደዛ አልሰማውም። ቅዳሜ ስመጣ ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ ወላሂ ሀገሬን አይተው ነው፣ ከአውሮፓ ቢላክ ኖሮ ይከፍሉ ነበር።»

«አብሽር፣ ሀገርህን ማን ጠየቀህ፣ ኮዱን ከየት ታመጣለህ ነው ያለህ፣ መልስለት።»

«መልሱማ ቀላል ነው፣ አንድ የእውነት ደንበኛቸው የላከው ደረሰኝ ኢንተርኔት ላይ ቢገኝ ኮዱን ወስጄ ማውረድ ነው፣ ያኔ አይናቸው ይከፈታል።»

እዚህ ጋር ነው ጉዳዩ ሊበላሽ የነበረው። የነገርኩት የኸሊል ሽሬተህን ነገር ነው። ፍልስጤማዊ ነው፣ በፈረንጅ 2013 ጓደኛ ባልሆንከው ሰው የፌስቡክ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚያስችል ቀዳዳ አግኝቶ ሪፖርት አደረገ፣ ይሄ ባግ አይደለም አሉት፣ እሱም ተናዶ ሄዶ የማርክ ዙከርበርግ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ቀዳዳው እውነተኛ ነበር፣ ተስተካከለ። ገንዘቡን ግን ፌስቡክ አልከፈለም፣ የሰው አካውንት ላይ ስለሞከርክ ደንብ ጥሰሃል አሉ። በኋላ የሙያው ሰዎች መዋጮ አድርገው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሰበሰቡለት፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ለአንተ ደሴ ተቀምጠህ ማን ያዋጣልሃል አልኩት፣ ሳቀ።

የበለጠ የገባው ግን በእናቱ ነው መሰለኝ። ቡና አፍልተው በረካው ላይ ደርሰናል፣ ስንጨቃጨቅ ሰምተው «ኧረ ይሄ ነገር ሀላል ነው ወይ ልጄ? የሰው ጓዳ መፈተሽ አይደለም ወይ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ባለቤቱ ራሱ ፈትሹልኝ ብሎ ነው የጠራቸው» ብዬ አስረዳሁ፣ ትንሽ አሰቡና ወደ ልጃቸው ዞረው «እንግዲያ የሰው በር ተከፍቶ ካየህ ተከፍቷል ትላለህ እንጂ ገብተህ ጋኑን ቆጥረህ ነው ወይ የምትናገር?» አሉት። እኔ የፕሮግራሙን ደንብ ሶስት ገጽ ባስረዳው ኖሮ እንዲህ አይቆርጥለትም ነበር።

ያው ወደ ስራው ተመለሰ። ጥያቄው አሁን ጠበበ፣ ዩዩአይዲ ከየት ይወጣል? ከሰው አካውንት ሳይሆን ከራሱ ሲስተሙ የት ያፈሰዋል? እዚህ ላይ ነው የሱቅ ሰው መሆኑ የጠቀመው። ነጋዴው ለደንበኛው የክፍያ ሊንክ ይልካል፣ ደንበኛው ሎጊን የለውም፣ ሊንኩን ከፍቶ ይከፍላል። ያ ገጽ ለማንም ክፍት ነው፣ መሆንም አለበት። ልጁ በነጋዴ አካውንቱ ለሶስት የውሸት ደንበኞች ሶስት ደረሰኝ ቆረጠ፣ የአንዱን ሊንክ ብቻ ወስዶ ምንም ሎጊን በሌለው ብራውዘር ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው አንዱ ደረሰኝ ብቻ ነው፣ ንፁህ። ቡርፕ ላይ ግን ሰርቨሩ ለገጹ የላከውን መልስ ሙሉውን ሲያይ፣ ከታች የነጋዴው ቀደም ያሉ ሰነዶች ዝርዝር አለ፣ የማይታይ፣ ምናልባት አንዴ ለሆነ ፊቸር ታስቦ ተጨምሮ የተረሳ። ዝርዝሩ ውስጥ ስም የለም ዋጋ የለም፣ ያለው ዩዩአይዲ ብቻ ነው። የሁለቱ የሌሎቹ ደረሰኞች ዩዩአይዲ።

እንግዲህ ግጠሙት። ለብቻው ሲታይ የመጀመሪያው ቀዳዳ ኮድ ስለሌለህ አይጠቅምህም። ለብቻው ሲታይ ሁለተኛው ኮድ ብቻ ስለሆነ ምንም አይናገርም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ከአንድ ነጋዴ አንዴ ዕቃ የገዛ ማንኛውም ሰው በነፃ አካውንት ከፍቶ የዛን ነጋዴ የሌሎች ደንበኞች ደረሰኞች ያወርዳል ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ሲረጋገጥ የአንድም እውነተኛ ሰው መረጃ አልተነካም፣ ነጋዴውም እሱ፣ ደንበኞቹም እሱ የፈጠራቸው።

አዲስ ሪፖርት አልከፈተም፣ ያንኑ የተዘጋውን ላይ መለሰ፣ ይሄም ብልህነት ነው፣ ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ የሚልክ ሰው ትሪያጅ ላይ ያስመርራል፣ አንዳንድ መድረክ ላይ ነጥብም ያስቀንሳል። ጽሁፉን አብረን አሳጠርነው። የመጀመሪያው ሪፖርቱ ስለ አይዶር ምንነት ሁለት አንቀጽ ሌክቸር ነበረው፣ ትሪያጅ የሚሰራ ሰው አይዶር ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ያንን አወጣነው። የቀረው፣ በየትኛው አካውንት ምን ተደረገ፣ የትኛው ሪኩዌስት ተላከ፣ ምን ተመለሰ፣ እና መጀመሪያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ «ኮዱን ከየት ታመጣለህ ብላችሁኝ ነበር፣ ከክፍያ ሊንካችሁ» የምትል። ቪዲዮ መጫን ፈልጎ ነበር፣ በደሴ ኔትወርክ አልጫን ሲል ስክሪንሾት አደረገ፣ በቂ ነበር።

በበነጋው ማታ ሪፖርቱ ተከፈተ፣ ትሪያጅድ ሆነ፣ ተጣርቶ ተቀበሉት ማለት ነው። ቤት ውስጥ እልልታ ሆነ ልበላችሁ፣ እናቱ ምን እንደሆነ በደንብ ሳይገባቸው።

የዋጋው ክርክር አጭር ቢሆንም ትምህርት አለው። ክብደት የሚለካው በሲቪኤስኤስ ነው፣ ከ0 እስከ 10፣ ከ4.0 እስከ 6.9 ሚዲየም ነው፣ ከ7.0 እስከ 8.9 ሃይ። ልጁ ያሰላው 7.5 ነው፣ አካውንት መክፈት ነፃ ስለሆነ አጥቂው ምንም ፈቃድ አያስፈልገውም ብሎ። እነሱ ያሉት ነፃ ቢሆንም ፒዲኤፉን ለማውረድ ሎጊን ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ዝቅተኛ ፈቃድ ይባላል፣ 6.5። አንዲት ነጥብ ላይ ነው ልዩነቱ፣ ግን 6.5 ሚዲየም 7.5 ሃይ ስለሆነ በሽልማት ሰንጠረዡ ላይ ሌላ መደብ ነው። አንዴ በትህትና ተከራከረ፣ አልተቀበሉም፣ ተወው። እኔ በመተውም በመከራከሩም ተስማምቻለሁ፣ በግሌ ነፃ ምዝገባን እንደ ፈቃድ መቁጠር አይዋጥልኝም፣ ግን ደንቡ ላይ የመጨረሻው ቃል የኛ ነው ይላል፣ አንብቦ ነው የገባው።

ይበልጥ የገረመኝ ሪቴስቱ ነው። አስተካክለናል፣ ተመልሰህ ሞክርልን አሉት። ሞከረ፣ የክፍያ ገጹ መልስ ውስጥ ዝርዝሩ የለም፣ ጠፍቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስተካክሏል ብሎ ይፈርማል። እሱ ግን ፒዲኤፍ ማውረጃውን በሁለተኛው አካውንት እንደገና ሞከረው፣ አሁንም ይወርዳል! ኮዱ የሚፈስበትን መንገድ ነው የዘጉት እንጂ ዋናው ጥያቄ፣ ይሄ ደረሰኝ ያንተ ነው ወይ የሚለው፣ አሁንም አይጠየቅም። ነገ ሌላ ፕሮግራመር ሌላ ገጽ ላይ ኮዱን ቢያፈስ እንደገና ያው ነው። ጻፈላቸው፣ ሁለት መስመር። በዚህኛው ጊዜ ያለ ክርክር ተቀበሉ፣ ማውረጃውን ራሱን አስተካከሉ፣ ትንሽ ጉርሻም ጨመሩለት። የመጀመሪያው መልሳቸው ኢንፎርማቲቭ የነበረው ይቺው ማውረጃ መሆኗን ልብ በሉልኝ።

ከዛ ገንዘቡ። ቀዳዳ ከማግኘት ይልቅ ገንዘብ መቀበል ከበደው ብል ማጋነን አይደለም። ፔይፓል ከኛ ሀገር መላክ እንጂ መቀበል አይሰራም፣ ስለዚህ ባንክ። መጀመሪያ ደብሊው-8 ቤን የሚባል የአሜሪካ ግብር ፎርም መሙላት ነበረበት፣ አሜሪካዊ አይደለሁም የሚል፣ ሲሞላ የቤተሰብ ስም ተጠየቀ፣ የኛ ሰው ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም፣ አባት አለ አያት አለ። አያቱን ሞላ። ባንክ ደብተሩ ላይ ግን ስሙ በላቲን ፊደል በሌላ አጻጻፍ ነው ያለው፣ አንድ ፊደል ይለያል፣ ክፍያው ተመለሰ። ፋይዳ መታወቂያውን ይዞ ቅርንጫፉ ሄዶ ስሙን አስተካከለ፣ ፎርሙንም እንደዛው፣ እንደገና ተላከ። ለዚህ ስራ የምትገቡ ልጆች ምንም ባግ ሳታገኙ በፊት ይቺን ስም አስተካክሉ፣ ከልቤ ነው።

ገንዘቡ ሲገባ የባንኩ ልጅ ከማን ነው የተላከልህ፣ ለምንድነው ብላ ጠየቀችው።

«ሶፍትዌራቸው ላይ ስህተት አግኝቼ ነው።»

«ስህተት አግኝተህ? አስተካክለህላቸው ነው?»

«አይ፣ አላስተካከልኩም፣ ነገርኳቸው።»

«ነግረሃቸው ብቻ ነው ይሄ ሁሉ?» ብላ ስራ አስኪያጁን ጠራች። ጥርጣሬዋ አይፈረድባትም፣ ደግነቱ መድረኩ ላይ ያለውን የሽልማት ማረጋገጫ አትሞ ይዞ ነበር፣ አነበቡት፣ የአገልግሎት ክፍያ ብለው መዘገቡት። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ስለሆነም በባንክ መቀበሉ አልጎዳውም፣ ከዛ በፊት ቢሆን ጥቁር ገበያው ጋር ያለው ልዩነት ያስቆጭ ነበር።

አሁን ወደ ሀገር ውስጥ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ እዛ ላይ አላበቃም። ከክፍያው በኋላ ልጁ ለራሱ ጉዳይ አንድ የሀገር ውስጥ መስሪያ ቤት ኦንላይን ማመልከቻ ሞላ፣ ማረጋገጫው ሲመጣ የገጹ አድራሻ (ዩአርኤሉ) መጨረሻ ላይ ቁጥር አለ። ዩዩአይዲ አይደለም፣ ተራ ቁጥር ነው። እጁ እንደሄደ ነገረኝ፣ አንድ ቀንሶ ኢንተር ማለት ብቻ ነው። አላለም። ምክንያቱም እዛ ቤት ፈትሹ ብሎ የጠራ የለም፣ ሴፍ ሃርበር የለም፣ ያለው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ነው፣ ያለ ፈቃድ ሲስተም ውስጥ መግባትን እስከ ሶስት ዓመት እስራት ያስቀጣል፣ ነገሩ ክፍት ነበር ማለት መከላከያ አይሆንልህም። ያው እጅ፣ ያው ቁጥር፣ አንዱ ጋር ዶላር ሌላው ጋር ፖሊስ ጣቢያ። በዚህ ላይ ቁጥሩን ስላልነካው ቀዳዳ መኖሩን አያውቅም፣ ሰርቨሩ ባለቤትነትን ሊጠይቅ ይችላል፣ ላይጠይቅም ይችላል።

ስለዚህ ያየውን ብቻ ጻፈ። በአማርኛ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የራሱን ማረጋገጫ ገጽ አትሞ አያይዞ፣ የማመልከቻው መለያ ተከታታይ ቁጥር መሆኑን አስተውያለሁ፣ የሌላ ሰው ገጽ ለመክፈት አልሞከርኩም፣ ሲስተሙን የሰሩላችሁ ባለሙያዎች አንድ ሰው በራሱ ሎጊን የሌላውን ማየት ይችል እንደሆነ በራሳቸው የሙከራ አካውንት ቢያረጋግጡ የሚል። እኔ «አልሞከርኩም» የምትለዋን ሁለት ቦታ እንዲጽፋት ነው የመከርኩት። ይዞ ሲሄድ ጸሐፊዋ ማን ላከህ አለችው፣ ማንም አለ፣ ታዲያ ምን ፈልገህ ነው አለችው፣ ምንም አለ፣ ይሄኛው መልስ ከሁሉም በላይ አጠራጠራት። መዝገብ ቤት አስገብቶ ማህተምና ቁጥር አስመታ፣ ኮፒውን አስቀምጧል።

የውጭው ድርጅት የግል ፕሮግራሙ ውስጥ ጋብዞታል፣ ከዛ ወዲህ የላከው አንዱ ዱፕሊኬት (ሌላ ሰው ቀድሞ የላከው) ሆነበት፣ ሌላው ገና እየታየ ነው። ከመስሪያ ቤቱ እስካሁን መልስ የለም፣ ዩአርኤሉ ላይ ያለው ቁጥርም እንዳለ ነው፣ ልጁ የጥገና ስራውን አልለቀቀም።